ስፌት የሚጀመረው ከመተርተር ነው

መጀመሪያ ያበላሸሁት ልብስ የራሴ ጅንስ ነው። ረዝሞብኝ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በወጥ ቤት መቀስ ቀኝ እግሩን ቆረጥኩ። ግራውን በቀኙ ላይ አጋድሜ በልኩ ቆረጥኩ። ለብሼ ስቆም ግራው አጥሯል። ለማስተካከል ቀኙን ደገምኩት። አሁን ደግሞ ቀኙ አጠረ። በሦስተኛው ዙር ቁርጭምጭሚቴ ሲታይ ተውኩት።

በማግስቱ ሱሪውን ይዤ ከቅዳሜ ገበያ ብዙም ሳይርቅ በረንዳ ላይ የእግር መኪና ዘርግተው ወደሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ። አገላብጠው አዩት።

«ጋሼ፣ ይስተካከላል?»

«ይሄማ ከረጢት ይሁን እንጂ ሱሪስ አይሆን።»

መስፋት መማር እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ዓይኔ መኪናዋ ላይ ነበር። እሳቸው ግን ከእግራቸው ሥር ካለው የጨርቅ ክምር ያረጀ ሸሚዝ መዝዘው ሰጡኝ። «እሷን ለጊዜው ተዋት። ይቺን ተርትረህ አምጣ። ጨርቋን ግን እንዳትቀድብኝ።»

ተናድጄ ነበር የሄድኩት። ሸሚዙን ፈትቼ ስጨርስ ግን ነገሩ ገባኝ። አሮጌ ልብስ ጥሩ መማሪያ የሆነው ቢበላሽ ስለማይቆጭ ብቻ አይደለም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አንዴ ሰፍቶታል። ስትፈቱት ያ ሰው ምን እንዳደረገ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እያያችሁ ትሄዳላችሁ። ስለዚህ እኔም የምጀምረው ከመፍታት ነው።

ልብሱን መምረጥ

መጀመሪያ የራሳችሁን ቁም ሳጥን ፈትሹ። ለጀማሪ የሚሆነው የማይለጠጥና የማያንሸራትት ጨርቅ ነው፦ የጥጥ ሸሚዝ፣ ጅንስ፣ አሮጌ አንሶላ። አንሶላ እኛ ከተማ ውስጥ አይጠፋም። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የጦር ካሣ ከተቋቋመ ጀምሮ እዚህ ስንት ሰው በጥጥ እንጀራ በልቷል። መሃሉ የሳሳ አንሶላ ካላችሁ ዳር ዳሩ ገና ጠንካራ ነው፤ ለመለማመጃ ከእሱ የተሻለ የለም። ቲሸርት፣ ሹራብና የሚያብረቀርቅ የገበር ጨርቅ ለጊዜው ይቆዩ። መርፌ ሥር ይሸሻሉ፣ ሰውም ያስመርራሉ።

ሰልባጅ የምትገዙ ከሆነ ነጋዴው በሚያሳያችሁ በኩል ብቻ አትዩ። ብብቱን፣ የሱሪውን መቀመጫና የኮሌታውን እጥፋት ገልጣችሁ ወደ ብርሃን አንሱት። ጨርቁ እንደ ወንፊት ብርሃን ካሳለፈ አልቋል። ሁለት አውራ ጣቶቻችሁን ጎን ለጎን ይዛችሁ ሳብ አድርጉት። ክሮቹ ከተራራቁና ካልተመለሱ ስፌት አይዝላችሁም። ያ ልብስ ለእራፊ ካልሆነ ለሌላ አይሆንም።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን ፖሊስተር ካልለያችሁ ከውስጥ ጠርዙ አንድ ክር ምዘዙና ደጅ ወጥታችሁ፣ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ በወረንጦ ይዛችሁ አቃጥሉት። ጥጥ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፤ ሲነኩት የሚበን አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለካውያው ነው። ጥጥ ኃይለኛ ሙቀት ይወዳል፤ ፖሊስተር በዚያው ሙቀት ካውያው ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ከዚያ እጠቡት። የጥጥ ልብስ ታጥቦ ሊገባ ስለሚችል ሳይታጠብ ለክታችሁ ብትቆርጡ ኋላ ያጥራል። ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ በደንብ ሳይደርቅ አጥፋችሁ አታስቀምጡ። ጣና ዳር ላለን ሰው ሻጋታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይነገረንም።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ብዙ አይደለም። ቀጭንና ወፈር ያሉ ጥቂት መርፌዎች፣ ነጭ፣ ጥቁርና ሰማያዊ ክር፣ ሜትር፣ ስፒል፣ ካውያ፣ ምላጭ። መቀሱ ለጨርቅ ብቻ የሚሆን ይሁን። ወረቀት የቆረጠ መቀስ ጨርቅ ያኝካል። እኔ የራሴን ከሰው ለማዳን ደብቄ ነው የማስቀምጠው። ለምልክት ጠመኔ መግዛት አያስፈልግም። ታጥቦ ታጥቦ ስስ የሆነ የሳሙና ቁራጭ ጥቁር ጨርቅ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሲታጠብም ይሄዳል።

ክር ስትቆርጡ ከጣታችሁ ጫፍ እስከ ክርናችሁ፣ ትንሽ ጨምሩበት። ረጅም ክር ሥራ ያፋጥናል ብሎ ሁለት ክንድ የሚያስገባ ሰው ግማሹን ሰዓት ቋጠሮ ሲፈታ ያሳልፋል።

መተርተር

ሸሚዙን ገልብጡት፤ የውስጡ ወደ ውጭ ይሁን። ስትፈቱ በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስትመልሱት ትፈልጉታላችሁ።

የመኪና ስፌት ሁለት ክር ነው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ሁሉንም ነጥብ መቁረጥ አያስፈልግም። በአንድ በኩል ብቻ በየሦስት በየአራት ነጥቡ አንዱን በምላጩ ጫፍ ቁረጡ። ወደ ሌላኛው ፊት አዙሩትና ክሩን ሳቡት። ሙሉው መስመር እንደ ስልክ ሽቦ ተመዞ ይወጣል። በሁለት እጅ ጨርቁን ይዞ መበርገድ ይቀላል፣ ፈጣንም ነው። እኔም ሞክሬው ነበር። ከብብቱ ሥር ሦስት ጣት የሚያህል ተቀደደ። ምላጩን አጋድማችሁ ያዙ፣ አፉ ከእናንተ ይራቅ፣ ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ ሥራው እንዳለቀ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

በዚህ ተራ ሂዱ፦ መጀመሪያ ቁልፎቹን ንቀሉ፣ በአንድ ክር ሰክታችሁ አስቀምጧቸው። ቀጥሎ የታችኛውን ቅምቅማት ፍቱ። ከዚያ ከእጅጌው ጫፍ ጀምሮ በብብቱ አልፎ እስከ ታች የሚወርደውን የጎን ስፌት። ከዚያ እጅጌውን ከትከሻው ለዩ። ኮሌታው ቀጥሎ ነው። ትከሻው መጨረሻ ላይ።

አሁን ቁርጥራጮቹን ወለል ላይ ዘርጉና ቁጭ ብላችሁ እዩአቸው። እኔን ያስገረመኝ እጅጌው ነው። ቀጥ ያለ ቱቦ ይመስለኝ ነበር፤ ተዘርግቶ ሲታይ ግን ራሱ ላይ እንደ ጉብታ ያበጠ ነው። ትከሻ ክብ ስለሆነ ነው። ኮሌታው ውስጥ ደግሞ ጠንካራ ነጭ ጨርቅ አለ፤ ኮሌታን የሚያቆመው እሱ ነው። የስፌቱን ትርፍ በሜትር ለኩ። አንዱ ቦታ 1 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው ቦታ ከዚያ የሰፋ ታገኛላችሁ። የሰፋው ቦታ ልብሱ ሊሰፋ የሚችልበት ቦታ ነው። ወደፊት «ይሄ ጠቦኛል፣ ይሰፋል ወይ?» ብሎ ሰው ሲጠይቃችሁ መልሱ ያለው ከዚያ ትርፍ ላይ ነው።

ከዚያ መልሳችሁ ስፉት፤ በእጅ፣ በፈታችሁበት ተራ ተቃራኒ። ትከሻ፣ ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ጎን፣ ታች፣ ቁልፍ። ጨርቁ ላይ የድሮው መርፌ ቀዳዳ ይታያችኋል። በእሱ ላይ ሂዱ። ሁለት ሦስት ምሽት ይወስዳል።

ለዚህ ሥራ የሚበቃችሁ አንድ ስፌት ነው። መርፌውን ወደ ፊት አውጡ፣ ከወጣበት አንድ ስፌት ወደ ኋላ መልሳችሁ አስገቡ፣ ከሥር አልፋችሁ እንደገና ወደ ፊት አውጡ። ወደ ኋላ አንድ፣ ወደ ፊት ሁለት። ከላይ ሲታይ የመኪና ስፌት ይመስላል። ዝም ብሎ ወጣ ገባ እያለ የሚሄደው ስፌት ግን ሁለት ጨርቅ ለጊዜው ለማያያዝ እንጂ ክብደት ለመሸከም አይሆንም።

ቁልፍ ስትተክሉ በቁልፉና በጨርቁ መካከል የክብሪት እንጨት አስገቡ። አምስት ስድስት ጊዜ ካመላለሳችሁ በኋላ እንጨቱን አውጡ። ቁልፉ ትንሽ ላላ ይላል። ያንን ላላ ያለውን ክር ከሥሩ ሦስት አራት ጊዜ ጠምጥሙና ቋጥሩ። እግር ያለው ቁልፍ ሆነ። ያለ እግር የተተከለ ቁልፍ ሲቆለፍ ጨርቁን ይቆነድደዋል፤ ቶሎ የሚበጠሰውም ለዚህ ነው።

ሱሪ ማሳጠር፣ በትክክል

ሱሪውን ከምታደርጉት ጫማ ጋር ልበሱ። ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ሌላ ሰው ስፒል ይውጋላችሁ። ራሳችሁ ጎንበስ ብላችሁ ብትለኩ ሱሪው አብሮ ይነሳል፣ ልኩም ይሳሳታል።

ካወለቃችሁት በኋላ ሁለቱ እግሮች ከሚገናኙበት ስፌት እስከ ስፒሉ ያለውን የውስጥ እግር ለኩ። 74 ከሆነ ሌላውንም 74። የእኔ ስህተት እዚህ ነበር። ወገቡን ሳላስተካክል እግሩን በእግር ላይ አጋድሜ ቆረጥኩ። አንዱ እግር ላይ ሸርተት ሲል ልኩ ጠፋ።

በሳሙና ሁለት መስመር አስምሩ። የመጀመሪያው ሱሪው የሚያልቅበት ነው። ሁለተኛው ከእሱ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ የምትቆርጡት ሁለተኛውን ነው። 1 ሴንቲ ሜትር አጥፋችሁ በካውያ ተኩሱ። እንደገና 3 ሴንቲ ሜትር አጥፋችሁ ተኩሱ። አሁን በእጅ ቀምቅሙ። መርፌው ከውጭኛው ጨርቅ አንድ ሁለት ክር ብቻ ነክቶ ወደ እጥፋቱ ይግባ። አጥብቃችሁ አትሳቡ። ከውጭ ምንም ካልታየ አሳምራችኋል ማለት ነው።

ጅንስ ላይ ደግሞ የድሮው የታች ስፌት ከነወዙ እንዲቀር የሚፈልግ ብዙ ነው። 6 ሴንቲ ሜትር ማሳጠር ከፈለጋችሁ እግሩን ወደ ውጭ እጠፉት፤ ከአዲሱ እጥፋት እስከ ድሮው ቅምቅማት የላይ ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ቅምቅማቱን ራሱን አትቁጠሩ። ከጠርዙ ሥር ተጠግታችሁ ዙሪያውን ስፉ፣ ትርፉን ወደ ውስጥ ገልብጡና ተኩሱት። የጎኑ ስፌት ወፍሮ መርፌ አላስገባ ካለ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በዘነዘና ቀጥቅጡት። ይለዝባል። ጎረቤት ቡና የሚወቀጥ መስሎት ቢመጣ አትደንግጡ።

ቀዳዳ መድፈን፦ ድርና ማግ

በዚህ ሥራ ውስጥ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። ብዙ ሰው ቀዳዳ ሲያይ ዙሪያውን ሰብስቦ አፉን እንደ ከረጢት ይቋጥረዋል። ጨርቁ ይኮማተራል፤ በማግስቱ ከጎኑ ይቀደዳል። ትክክለኛው መንገድ የጠፋውን ጨርቅ እዚያው መሸመን ነው። ሸማኔ የሚያደርገውን በመርፌ ማድረግ ማለት ነው።

ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ዘርግተው ሲጠግኑ አይታችሁ ይሆናል። አንዲት ዓይን የተበጠሰችበትን ሳይቀር ይይዛሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። በጣት የምትደፈን ቀዳዳ የሩብ ሰዓት ሥራ ናት። ቡጢ ካሳለፈች እራፊ ትፈልጋለች።

ጋቢ እንውሰድ። ክሩን ከዚያው ከጋቢው ዘርፍ ምዘዙ፤ ቀለሙም ውፍረቱም ይገጥማል። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ የተበሳው የትኛው እጥፍ እንደሆነ ለዩና እሱን ብቻ ያዙ። የተቃጠለ አምፖል ወይም የሲኒ አፍ ከሥሩ አስገቡ። ጨርቁ ይወጠራል፤ መርፌያችሁም ሌላውን እጥፍ አይነካም።

ከቀዳዳው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ደህናው ጨርቅ ላይ ጀምሩ። ቋጠሮ አታስሩ፤ ጋቢ ላይ ቋጠሮ ይጎረብጣል። በትንንሽ ወጣ ገባ ወደ ላይ ሂዱ። ቀዳዳው ጋ ስትደርሱ ክሩን ቀጥ አድርጋችሁ አሻግሩት። ማዶ ላይ እንደገና ትንሽ ውጡ ግቡ። ዙሩና አጠገቡ ተመለሱ። ስትዞሩ ክሩን እስከ መጨረሻው አትሳቡት፤ የስንዴ ፍሬ የምታህል ልል ተዉለት። ሲታጠብ ክሩ ይገባል፤ ልሉ ከሌለ ጨርቁን ይዞት ይኮማተራል። እንዲህ እያላችሁ ቀዳዳው በትይዩ ክሮች እስኪሸፈን ቀጥሉ። የክራር ክር ይመስላል። ይህ ድሩ ነው።

አሁን ጨርቁን ሩብ ዙር አዙሩት። መርፌውን በአንዱ ክር ላይ፣ በቀጣዩ ሥር፣ እንደገና ላይ፣ እንደገና ሥር አሳልፉ። ስትመለሱ ተቃራኒውን፤ በላይ ያለፋችሁበትን አሁን በሥር። ይህ ማጉ ነው። በየመስመሩ በመርፌው ጫፍ ክሩን ወደ ታች ገፋ ገፋ አድርጉት፣ ሸማኔ ማጉን እንደሚመታው። ሲያልቅ አምፖሉን አውጡ፣ ትንሽ ውሃ እርጩበት፣ ተኩሱት።

የመጀመሪያዬ እንደ ኪንታሮት አብጦ ነበር። አራተኛው ላይ ግን እናቴ ጋቢዋን ዘርግታ የቱ ጋ እንደነበረ ስትፈልግ ቆየች። አላገኘችውም። በጣቷ ነው ያገኘችው።

እራፊ መጣፍ

የጅንስ ጭንና ጉልበት በዚህ ይድናል። እራፊው ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 2 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ። ማዕዘኑን አክቡት፤ ሹል ማዕዘን ይላጣል። የእራፊው ድር ከሱሪው ድር ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ይሁን፣ አለዚያ ሲታጠብ ይጣመማል። ከውስጥ አስቀምጡና ከዳር እስከ ዳር በሚሄዱ የተጠጋጉ የስፌት መስመሮች ሙሉውን ሸፍኑት። መታየቱን ከፈራችሁ ክሩ በሱሪው ቀለም ይሁን። እኔ ነጭ ክር ነው የምጠቀመው፤ የጣፍኩትን ሰው ቢያየው ደስ ይለኛል።

አሁን መኪናዋ

ጋሼ ወደ መኪናዋ ያስጠጉኝ በሁለተኛው ወር ነው። ያኔም ያለ ክር። የተሰመረ የደብተር ወረቀት ከመርፌው ሥር አስገብተው በመስመሩ ላይ ሂድ አሉኝ። ለዚህ የደነዘ አሮጌ መርፌ ይሁን፤ ወረቀት መርፌ ይገድላል። ቀዳዳዎቹ መስመሩ ላይ እስኪያርፉ እግርና እጅ ሲጣሉ ትስቃላችሁ። የመኪናዋን የጎን ጎማ ሁልጊዜ በእጅ ወደ ራሳችሁ አስነሱት፣ ከዚያ እግር ይከተል። ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ይጠላለፋል።

ለሸሚዝና ለአንሶላ ቁጥር 80 ወይም 90 መርፌ፣ ለጅንስ 100። የስፌቱ ርዝመት 2.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይበቃል። ከጨርቁ ሥር ክር እንደ ጎጆ ከተከመረ ሁሉም ሰው የታችኛውን ክር ይነካካል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የላይኛው ነው። ሙሉ በሙሉ አውጡትና እንደገና ከመጀመሪያው አስገቡ።

የኤሌክትሪክ ወይስ የእግር መኪና ለምትሉኝ፣ መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሻማ ያበራል፤ የእግር መኪና ያለው በር ከፍቶ ይሰፋል።

በመኪና የመጀመሪያ ሥራችሁ ሰፊ ሸሚዝ ማጥበብ ይሁን። ገልብጣችሁ ልበሱት፣ ጎንና ጎኑን በስፒል ያዙ። እዚህ ሒሳብ አለ። በእያንዳንዱ ጎን ከድሮው ስፌት 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ብትገቡ ከፊትም ከኋላም ስለሆነ አንዱ ጎን 4 ይቀንሳል። ሁለቱ ጎን 8። «ሁለት ብቻ ነው ያስገባሁት» ብሎ መተንፈስ ያቃተው ሰው አውቃለሁ። ሰፍታችሁ፣ ለብሳችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ እጃችሁን አንስታችሁ ሳታዩ ትርፉን አትቁረጡ።

የተበላሸውም ሱሪ

ያ ጅንስ ጋሼ እንዳሉት ከረጢት ሆነ። ከሰፊው የጭን ክፍል 40 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ቱቦ ነው፣ ጎኑ ተሰፍቶ የመጣ። ገልብጡት፣ ታቹን ሁለት ጊዜ ስፉት። መቀመጫ እንዲኖረው የታችኛውን ማዕዘን ሦስት ማዕዘን እንዲሆን ጠፍጥፉት፣ ከጫፉ 4 ሴንቲ ሜትር ገብታችሁ አግድም ስፉ፤ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ታች ይወጣላችኋል። ሌላውንም እንዲሁ። የላይ አፉን አጥፋችሁ ቀምቅሙ። የወገቡን ቀበቶ ቦታ ለሁለት ቆርጣችሁ ማንጠልጠያ አድርጉት።

ማንጠልጠያው ላይ አትቸኩሉ። የእኔን በአንድ መስመር ብቻ ሰፍቼው ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ይዤ ስመለስ መንገድ ላይ ተበጠሰ፤ ሽንኩርቱ ባጃጅ ሥር ገባ። ጫፉን 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አስገቡ፣ ዙሪያውን አራት ማዕዘን ስፉ፣ መሃሉን ደግሞ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን መስቀለኛ።

እንደዚያ ከሰፋሁት በኋላ ወሰድኩላቸው። ጋሼ ማንጠልጠያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጠሩት። ያዘ። ምንም ሳይሉ ከክምሩ ዚፑ የተበላሸ ሱሪ መዘዙና ከምላጭ ጋር ወደ እኔ ገፉት።

«ይቺን ፍታልኝ እስቲ።»